የቻይናው ሐኪምና የጋሽ ከድር ከርቤ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ በትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ሆና ልጠይቃት ሄድኩ። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ነርሷ ገባችና፣ «ሕመምሽን ከዜሮ እስከ አስር ብትለኪው ስንት ነው?» አለቻት። ልጅቷ ጣሪያውን አየት አድርጋ፣ «ስድስት» አለች። ነርሷ ጽፋ ወጣች።

«ስድስትን ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«እኔ እንጃ ጋሼ! ሰባት ካልኩ መርፌ ይወጉኛል፣ አምስት ካልኩ ይረሱኛል።»

ሳቅሁ። እሷም ልትስቅ ስትል ሆዷን ያዘችና፣ «በእናትህ አታስቀኝ» አለችኝ። ያን ጊዜ ጋሽ ከድር ትዝ አለኝ። ሆዱን በትራስ ደግፎ፣ ከሳል ጋር ሲታገል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ከሥራ ዘመንህ ምኑን ታስታውሳለህ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ብዙዎቹ የቤተ መንግሥት ወሬ ይጠብቃሉ። እኔን ትዝ የሚለኝ ግን በኮልፌ ገበያ የተሸጠና ያልተሸጠ ከርቤ ነው።

በጋዜጠኝነት ሥራ የጀመርኩት ፍርድ ቤት እየዘገብኩ ነው። ችሎት ውስጥ ለጋዜጠኛ ወንበር ስላልነበረ ቆሜ መጻፍ ለመድኩ። ቀጥሎ ማዘጋጃ ቤት ተመደብኩ፣ ከዚያም ጅማ ተላክሁና የቡና ገበያና የመንገድ ብልሽት ስዘግብ ቆየሁ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ ያውም ዘግይቶ ይመጣል፤ ከዚህ በላይ የሚባል የለውም። ከአለቆቼ አንዱ ከዜናው ይልቅ የባለሥልጣናቱ ማዕረግ በቅደም ተከተል መጻፉን ነበር የሚያየው። ሌላው የእጅ ጽሑፌን ይወድ ነበር፤ ምን እንደጻፍኩ ግን አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ በላቸው ነው።

ጋሽ በላቸው የዜና አዘጋጃችን ነበር። ቀደም ሲል አስተማሪ ስለነበረ ጣቱ ላይ ጠመኔ ያለ ይመስል እጁን እያራገፈ ነው የሚያወራው። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። አንድ ልማድ ነበረው፤ ጋዜጠኛ ከመስክ ሲመለስ ብዕር ከማንሳቱ በፊት ታሪኩን ለበር ዘበኛው ለአባባ ወልዴ ይንገር ይላል። ጽሑፉን ይዘን ጠረጴዛው ፊት ስንቆም የመጀመሪያ ጥያቄው፣ «ለወልዴ ነገርከው?» ነው። ሁለተኛው፣ «ምን ጠየቀህ?» አባባ ወልዴ የጠየቀው ነገር መልሱ ጽሑፉ ውስጥ ከሌለ ወረቀቱን ይመልስልናል።

የአባባ ወልዴ ጥያቄ ሁልጊዜ ቁም ነገር ነበር ማለቴ አይደለም። ስለ ድልድይ ምረቃ ስነግረው፣ «የሚኒስትሩ መኪና ምን ቀለም ነው?» ያለኝ ጊዜ አለ። ጋሽ በላቸው ያንንም ጻፈው አለኝ፤ ጻፍኩት። ጥቁር ነበር።

የጤና ዜና የተሰጠኝ ከጅማ ስመለስ ነው። ባልደረቦቼ እንደ ቅጣት ቆጠሩልኝ። ክትባት፣ የክሊኒክ ምረቃ፣ እንግዳ ሐኪም መጣ፣ እንግዳ ሐኪም ሄደ። ጋሽ በላቸው ግን ወደ ሆስፒታል ስሄድ አንድ ምክር ሰጠኝ። «በሽተኛን 'እንዴት ነዎት' ብለህ አትጠይቅ። ክርስቲያኑ 'ተመስገን' ይልሃል፣ እስላሙ 'አልሃምዱሊላህ' ይልሃል፣ ሁለቱም ሊሞቱ ይችላሉ። ምን ማድረግ እንደቻለ ጠይቀው። ተቀመጠ? ጫማውን ራሱ አጠለቀ? ሳለ?»

ያኔ፣ በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት፣ አገራችን ከቻይና ጋር ወዳጅነት ከጀመረች ብዙ አልቆየችም ነበር። ከከተማው በስተ ምዕራብ ባለ አንድ ሆስፒታል የሚሠራ ቻይናዊ ሐኪም፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ያለውን ሕመም በአገሩ ባህላዊ መድኃኒት ያስታግሳል የሚል ወሬ ደረሰን። ኮልፌ ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ ሠፈሩ የእኔ ነው ተብሎ ተላክሁ።

ዶክተር ሊን አጠር ያለ፣ ጸጥ ያለ ሰው ነው። አስተርጓሚው ገና ወጣት ነበር፤ አማርኛ የተማረው ከድሮ መጻሕፍት ስለሆነ ሁሉንም ሰው በአንድ ዓይነት የመጽሐፍ ቋንቋ ያናግራል። የክፍሉን ዘበኛ፣ «ክቡር ሆይ፣ እናልፍ ዘንድ ይፍቀዱልን» ሲለው ሰማሁ። ዘበኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ ካፖርቱን እስከ አንገቱ መቆለፍ ጀመረ።

ሐኪሙ የመስኮቱ ደፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ መድኃኒቱን አሳየኝ። ዋናው ሽንብራ የምታህል ቢጫ ሥር ናት። በአቼቶ ተዘፍዝፋ፣ አቼቶውን እስክትጠጣ ትቀቀላለች፤ ከዚያ ደርቃ ትወቀጥና በውሃ ትፈላለች። አቼቶው ለምን አስፈለገ አልኩት፤ ያለ እሱ የሥሩ ጉልበት ወደ ውሃው አይወጣም አለኝ። አጠገቧ የደረቀ ቀይ አበባ ነበር። ዘሩን በጾም ፈጭተን የምንበጠብጠው የሱፍ አበባ መሆኑን ሳውቅ ገረመኝ፤ እኛ አበባውን ዞር ብለን አናየውም። ሦስተኛው ጠቆር ያለ ሙጫ ነበር። መልኩን ሳየው የማውቀው መሰለኝ፣ ግን አልጠየቅኩም፤ የዚያን ዕለት ሐሳቤ ሥሩ ላይ ነበር።

«በእኛ አገር ሕክምና» አለ በአስተርጓሚው በኩል፣ «ሕመም ማለት መንገድ የተዘጋበት ደም ነው። እነዚህ ደሙን ያንቀሳቅሳሉ። ሲንቀሳቀስ ሕመሙ ይለቃል።»

«ይሠራል?»

«ለአንዳንዱ። መርፌውን አልተውኩም፣ አሳንሼዋለሁ። ምን ያህሉ የሥሩ፣ ምን ያህሉ የመርፌው፣ ምን ያህሉ የጊዜ እንደሆነ ለይቼ አላውቅም።»

በዚህ መልሱ ወደድኩት። አላውቅም የሚል ሐኪም እስከዚያ ቀን አላጋጠመኝም ነበር።

ወደ ሕሙማኑ ክፍል ስንገባ በር አጠገብ ካለው አልጋ አንድ ሰው በስሜ ጠራኝ። ጋሽ ከድር ነው፤ የአባቴ ጎረቤት። በኮልፌ ገበያ ቅመም፣ ጨው፣ እጣንና ከርቤ ይሸጣል። እኔ ካልሲ ሳላውቅ በነበርኩበት ዕድሜ ከሱቁ ደጃፍ ተምር ሰጥቶኛል። የሐሞት ጠጠር ተገኝቶበት ከቀኝ ጎድኑ ሥር ተቀዶ ገና ጥቂት ቀኑ ነበር።

«እንዴት ነዎት ጋሽ ከድር?» የጋሽ በላቸውን ምክር ረስቼ ከአፌ አመለጠኝ።

«አልሃምዱሊላህ።»

«ሳሉ?»

«አልሃምዱሊላህ አልኩህ እኮ ተስፋዬ!»

«ሳሉ ወይ ነው ያልኩት።»

ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «ሲመጣ እውጠዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ከሳልኩማ የምቀደድ ነው የሚመስለኝ።»

ዶክተር ሊን ጀርባውን በማዳመጫ መሣሪያው አዳመጠና ፊቱ ከበድ አለ። ሆዱ የተቀደደ ሰው ካልሳለ አክታው ሳንባው ውስጥ ይተኛል፤ ከቢላው የተረፈውን ሰው ሳንባው ይጥለዋል አለ። ጋሽ ከድር ትኩሳት ጀምሮት ነበር። መርፌው ሲሰጠው ያንቀላፋል፤ ሲያልፍ ደግሞ ትንፋሹን ይቆጥባል።

ሚስቱ እትዬ ዘይነባ በአልጋው ግርጌ ቆማለች። ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ ቀደም ብሎ የተቀደደ አናጢ ተቀምጦ ከስኒ ጠቆር ያለ ነገር ይጠጣል፤ እየጠጣም ያወራል። እትዬ ዘይነባ ወደ አናጢው ጠጋ ብላ፣ «ላሽትተው?» አለችው። አሸተተችና ዓይኗ ፈጠጠ።

«ይኼማ ከርቤ ነው! የኛ ከርቤ! ቻይና ድረስ ሄዶ ነው እንዴ የተመለሰው?»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ ጋሽ ከድር ብቻ ሳቁን ዋጠው። ዶክተር ሊንም ሲተረጎምለት ራሱን ነቀነቀ። ከርቤ ከእኛ የባሕር ዳርቻ በመርከብ ቻይና መግባት ከጀመረ ብዙ ዘመን ነው፤ እነሱ ለሕመም ያደርጉታል፣ ግን ከሌላው ጋር በጥቂቱ ነው አለ።

«ታዲያ ለባሌም ይስጡልኛ!»

«እመቤት ሆይ» አለ አስተርጓሚው፣ «ገና ነው። ቁስላቸው ይደርቅ ዘንድ ይታገሡ።»

እትዬ ዘይነባ አናጢውን አየች፣ ባሏን አየች።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ስመለስ የጋሽ ከድር አልጋ ባዶ ነበር። አንሶላው ተነሥቷል። እትዬ ዘይነባ በረንዳው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ፔርሙስ ታቅፋ ተቀምጣለች። ጠጋ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ደም» አለችኝ። «ፋሻው በደም ራሰ። መልሰው ይዘውት ገቡ።»

ፔርሙሱን እያሻሸች ቀጠለች። «ከጆንያው ምርጡን መርጬ ነው። ነጭ አፈር የሌለበትን። ወፈር አድርጌ በጠበጥኩት፤ ጠጣልኝ። ሌላው ተቀምጦ እየጠጣ የኔው ተኝቶ ሲያቃስት ምን ልሁን? ስንት ዘመን ሸጠነዋል፤ ለሆድ ቁርጠት ከወሰደው ሰው ማን ሞተብን?»

ይህን ስሕተት ሌላ ሠፈር ያለ ሰው አይሠራውም። ሐኪሙ የሰጠውን የማያውቅ ሰው ይፈራዋል። እትዬ ዘይነባ ግን ታውቀዋለች፤ በእጇ መዝና፣ በአፍንጫዋ ለይታ ነው የምትሸጠው። የቤቷ ዕቃ ነው። የራሷን ከርቤ ልትፈራው አትችልም።

ቀዶ ሐኪሙ ሲወጣ ደሙ መቆሙን ነገራት። እኔ ለብቻው ምክንያቱን ጠየቅኩት። «ስፌቱ ላልቶ ሊሆን ይችላል። የጠጣው ነገር ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚህ በላይ ካልኩህ ዋሸሁ» አለኝ። ዶክተር ሊን ፔርሙሱን ከፍቶ አሸተተ፣ በጣቱ ጠብታ ወስዶ ምላሱ ላይ አደረገ። ከዚያ ጉልበቱን አጥፎ እትዬ ዘይነባ ፊት ቁጢጥ አለና ረዘም አድርጎ ተናገረ። አስተርጓሚው በዚያች ሰዓት 'ሆይ' ማለቱን ረሳው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ይላል። 'ገና ነው' ብዬ ነገርኳት፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ደም የሚያንቀሳቅስ ነገር ለትኩስ ቁስል አይሆንም። ይህን ማለት ነበረብኝ ይላል።»

እትዬ ዘይነባ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ይህን ቢሉኝማ» አለች፣ «ይገባኝ ነበር።»

ቁስሉ ደርቆ ፋሻው ንጹሕ ሆኖ ማደር ሲጀምር ዶክተር ሊን የመድኃኒቱን ሻይ ለጋሽ ከድርም አዘዘለት፤ በትንሽ ስኒ፣ በነርሷ እጅ ብቻ። መርፌውም ቀነሰ። እኔ በየጊዜው እየሄድኩ አየሁት። መጀመሪያ በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ። ቀጥሎ ተቀመጠ። አንድ ከሰዓት ትራሱን ሆዱ ላይ ጠበቅ አድርጎ ያዘና፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከውስጡ የሆነ ነገር የሚነቅል በሚመስል ድምፅ ሳለ። እትዬ ዘይነባ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ነርሷ በጣቷ ዝም አሰኘቻት። ትኩሳቱ ከዚያ በኋላ ሸሸ። በዚያው ክፍል አንዲት እናት ግን ሻዩ ሆዳቸውን አገላበጠባቸውና ተዉት፤ ሕመማቸውም እንዳለ ነበር። ይህንንም መዘገብኩ።

ቢሮ ስመለስ መጀመሪያ ወደ አባባ ወልዴ ሄድኩ። ካፖርቱን ለብሶ በሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ሥሯን ወደዳት፤ የአስተርጓሚውን አነጋገር እንድደግምለት አደረገኝ። ከዚያ ግን፣

«ከርቤ ገበያ አለ አይደል?» አለኝ።

«አለ።»

«ታዲያ ጋዜጣው ይህን ካወራ፣ የኔ ሚስት እንደዚያች ሴትዮ ገዝታ ብታጠጣኝስ? ማን ይነግራታል?»

ይህን ለጋሽ በላቸው ነገርኩት። እጁን አራገፈና፣ «እንግዲህ ዜናህ እሱ ነው» አለ። ጽሑፉን ሁለት አንጓ አደረግሁት። የመጀመሪያው፣ መድኃኒቱ ከመርፌው ጋር ሲሰጥ ከኦፕራሲዮን በኋላ ያለውን ሕመም ለአንዳንድ ሰው ሊያቀልለት እንደሚችል፣ ሐኪሙ ራሱም ልኩን እንደማያውቅ። ሁለተኛው፣ በትኩስ ቁስል ላይ ከርቤ ቢጠጣ ደም ሊያፈስ እንደሚችል፣ ማንም ከገበያ ገዝቶ ለተቀደደ ሰው እንዳይሰጥ። የጋሽ ከድርን ስም አላነሣሁም። ጋሽ በላቸው በየዓረፍተ ነገሩ ቆም እያለ፣ በዝግታ አነበበልኝና ፈረመበት።

ጋዜጣው ሲወጣ ግን የመጀመሪያው አንጓ ብቻ ነበር፤ እሱም ተቆራርጦ። ርእሱ የቻይና መድኃኒት የኦፕራሲዮንን ሕመም ያጠፋል ይላል። ከርቤውና ሱፉ በስም ተጠርተዋል። «ለአንዳንድ ሰው» የለም፤ ደሙ የለም። ወደ ማተሚያ ክፍል ወርጄ ፊደል ለቃሚዎቹን ጠየቅኩ። ከላይ ታዝዞ ሁለተኛው አንጓ ተደርድሮ ካለቀ በኋላ ፈርሷል አሉኝ።

ጋሽ በላቸው ዋናው ኃላፊ ዘንድ ገባ፤ እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። የኃላፊው ድምፅ ይሰማል። «ቻይናዎቹ እንግዳ ናቸው፣ በላቸው! ወዳጅነቱ ገና መጀመሩ ነው። ደም፣ ፋሻ፣ ይህ ምኑ ዜና ነው?» የጋሽ በላቸው መልስ አልተሰማኝም። ሲወጣ ፊቱ አልተለወጠም። «ማረሚያ ጠየቅኩ፤ አይወጣም አለ» አለኝ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ካለው ፕሩፍ፣ ከሕትመት በፊት ለእርማት ከሚወጣው ቅጂ፣ ሁለተኛውን አንጓ በመቀስ ቆርጦ ሰጠኝ። «ኮልፌ ያንተ ሠፈር ነው አይደል?»

በሰይቼንቶ ታክሲ ሄድኩ። የገበያ ቀን ስለነበረ ሰዉ ከመንገዱ ሞልቶ ወጥቷል፤ ከቆዳ ተራው ማዶ ወረድኩና በእግሬ ገባሁ። ጋሽ ከድር ከሆስፒታል ወጥቶ ሱቁ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ትራሱ አሁንም ጭኑ ላይ ነው። እትዬ ዘይነባ ሚዛኑ ጋ ቆማለች። የከርቤው ጆንያ አፉ ታጥፎ፣ በላዩ የጨው ከረጢት ተጭኖበታል።

«ከማለዳ ጀምሮ ሰዉ የሚጠይቀው እሱን ነው» አለችኝ። «የቻይናውን ስጪኝ፣ የቻይናውን ስጪኝ! ሌሎቹ ሱቆች ዋጋ ጨምረዋል።»

ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ከቀራንዮ በኩል የመጣች፣ እግሯ አቧራ የለበሰ ወጣት ሴት ጋዜጣ ይዛ መጣች። ከርቤ ፈለገች። ጋሽ ከድር ከበርጩማው ሳይነሣ፣ «ለማን ነው እህቴ?» አላት።

«ለወንድሜ።»

«ተቀዷል?»

«ትናንት። ሌሊቱን ሲጮኽ አደረ።»

«እንግዲያስ አልሸጥልሽም።»

ሴትየዋ ደሟ ፈላ። «በገንዘቤ እኮ ነው! ጋዜጣው ላይ ወጥቷል፤ ያነበበልኝ ሰው አለ። ምነው፣ ለሰው ሕመም አታዝንም?»

ጋሽ ከድር ሸሚዙን ገለጠ። ስፌቱ ከጎድኑ ሥር እንደ ገመድ ተጋድሟል፤ አንዱ ጫፉ ሁለት ጊዜ ስለተሰፋ ወፍሯል። «ይህን የጠጣሁት እኔ ነኝ» አላት። «ከዚሁ ጆንያ። በገዛ ሚስቴ እጅ።» እትዬ ዘይነባ ሚዛኑን ይዛ አቀረቀረች፤ ግን አላስተባበለችም።

«ጋዜጣው እንዲህ አላለም» አለች ሴትየዋ።

«የጻፈው ይኸውና ቆሟል። ጠይቂው።»

ሁለቱም አዩኝ። ገበያተኛውም ቆም ቆም አለ። ከኪሴ ቁራጩን ፕሩፍ አወጣሁና እዚያው፣ በቅመም ሱቅ ደጃፍ፣ አነበብኩት። ሳነብ ድምፄን ከፍ አላደረግኩም፤ የጋሽ በላቸውን አነባበብ ነው ያነበብኩት፣ በየዓረፍተ ነገሩ ቆም እያልኩ።

«ይኼ ታዲያ ለምን እዚህ የለም?» አለች፣ ጋዜጣዋን እያሳየችኝ።

«ጽፌው ነበር። ቆረጡት።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አመነችኝ አላመነችኝም አላወቅኩም። ከዚያ ወደ ጋሽ ከድር ዞራ፣ ድምፏ ተለውጦ፣ «ታዲያ ምን ላድርግለት?» አለችው።

ጋሽ ከድር ትራሱን ከጭኑ ላይ አንሥቶ ሆዱ ላይ አጥብቆ ያዘ። «እንዲህ ያዢለት። መርፌ እንዲሰጡት ሐኪሞቹን ለምኚ፤ አትፈሪያቸው። ሕመሙ በረድ ሲልለት በግድ አስይው። ይሰድብሻል። ይስደብሽ!» አላትና በምሳሌ ሊስል ሲል ቁስሉን አመመው፤ ፊቱ ተኮማተረ። ሴትየዋ ሳታስበው ሳቀች። ገንዘቧን በመቀነቷ ቋጥራ ሄደች።

ለጋሽ በላቸው ይህንን ስነግረው፣ «ወልዴ ሰማ?» ብቻ ነው ያለኝ። ለአባባ ወልዴ ነገርኩት። ከርቤውን ያልገዛችው ሴት ወንድም ምን እንደደረሰ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። «እንግዲያው ገና አላለቀማ» አለኝ።

ስለዚህ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ተመልሼ ሄድኩ፤ የሚጻፍ ነገር ስላለኝ አልነበረም። ጋሽ ከድር በርጩማው ላይ ነው። ከርቤ የሚጠይቀውን ሁሉ ለማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ለቤት ማጠኛ ላለው እትዬ ዘይነባ ትመዝንለታለች፣ ለተቀደደ ሰው ላለው ሸሚዙን ይገልጣል። አሁን በትራሱ ፋንታ እጁን ብቻ ነው ሆዱ ላይ የሚያደርገው። ብዙ ሳልቆይ ያችው የቀራንዮዋ ሴት ጨው ልትገዛ መጣች።

«ወንድምሽ እንዴት ነው?» አላት ጋሽ ከድር።

«ተመስገን።»

«ተመስገኑስ ይሁን። ሳለ ወይ?»

«ሳለ» አለች። «ሰደበኝና ሳለ።»